230 ኸርዝ ላይ የታፈነው ቮካል

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አነስተኛ ስቱዲዮ የሰርግ ዘፈን ተቀርጾ ነበር፤ ወንድ ድምፃዊ፣ ክራር፣ ኪቦርድና ከበሮ። ድምፃዊው ሚክሱን (ሁሉም ድምፆች አንድ ላይ የተቀናበሩበትን) መኪና ውስጥ ከፍቶ ሰማና «ወንድሜ፣ ድምፄ ታፍኗል፤ ግጥሙ አይሰማም» ብሎ መለሰው። ሚክስ የሚያደርገው ልጅ በኢኪው (የድምፅን ፍሪኩዌንሲዎች ለይቶ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ቮካሉ፣ ማለትም የዘፋኙ ድምፅ፣ ላይ 3 ኪሎ ኸርዝን በ6 ዴሲቤል፣ 10 ኪሎ ኸርዝን በ4 ከፍ አደረገ። ክራሩ ሲዋጥበት እሱንም ጨመረ። ማስተሩ (የጠቅላላው ድምፅ መለኪያ) ከልክ አልፎ ቀይ መታ፤ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጉ ጀመር፤ መታፈኑ ግን አልለቀቀም።

ችግሩ ያለው ታች፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነበር። የመቅረጫ ክፍሏ ወርድ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል (ደርሶ መልሱ 3 ሜትር ነው) 114 ኸርዝ፣ ከዚያም እጥፉ 230 ኸርዝ አካባቢ እየተጠራቀመ ይጎላል። ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚይዝ) ማይኩ ከአፍ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ መሆኑ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ይብሱን አገነነው። ክራሩ የተቀረጸው እዚያው ክፍል ነው፤ የኪቦርዱ ግራ እጅም በዚያው ክልል ይጫወታል።

በሥራው የቆየው ባለሙያ በመጀመሪያ የተጨመረውን ሁሉ አነሳ። ቮካሉን ከ80 ኸርዝ በታች በሃይ ፓስ (ታችኛውን አስቀርቶ ላይኛውን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ቆረጠ። ቀጥሎ ኪው (ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚነካው ክልል የሚጠብበት መለኪያ) 8 የሆነ ጠባብ ባንድ በ8 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ ከ150 እስከ 500 ኸርዝ ቀስ እያለ ወሰደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህን ያህል ከፍ የተደረገ ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ያስጠላል። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ አዳምጦ የሚረብሸውን መለየት፣ ከዚያ ከአጠገቦቹ ተለይቶ የሚያገሳውን ብቻ መፈለግ ነው። 230 ላይ ሲያገኘው ኪውን ወደ 3 አስፍቶ 4 ዴሲቤል ቀነሰ፤ ከክራሩ 2፣ ከኪቦርዱ 3። ይህን ያደረገው ሁሉም ትራክ አብሮ እየተሰማ ነው፤ ለብቻው ሲሰማ የሳሳ የሚመስል ክራር ሚክሱ ውስጥ በትክክል ይቀመጣል።

የቮካሉን ቅነሳ ከኮምፕሬሰሩ (ድምፅ ሲጮህ ዝቅ ከሚያደርገው መሣሪያ) በፊት አደረገው፤ አለዚያ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ጉርምርምታ እየተከተለ ቃላቱን በሙሉ ይጫናል።

አንድ ነገር ቀረ። ድምፃዊው 233 ኸርዝ ላይ ያለችውን ኖታ ሲይዝ ድምፁ አሁንም ይዘል ነበር። ቋሚውን ቅነሳ ወደ 7 ማውረድ የቀረውን ዜማ ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ያችን ኖታ ስትመጣ ብቻ 3 ዴሲቤል የሚቀንስ ዳይናሚክ ኢኪው ገባ። ከዚህ ሁሉ በኋላ 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ 1 ዴሲቤል በቃው፤ ለሚቀጥለው ቀረጻም ማይኩ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ተደረገ።