የባቡር ሠራተኛውን የቅድመ አያቴን ሕይወት እንዴት አሰባሰብኩ

ቅድመ አያቴ በድሬዳዋ የባቡር መጠገኛ ውስጥ ብረት ሠራተኛ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. መሆኑ በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ርስትም ሹመትም ያልነበረው ሠራተኛ መቼ እንደተቀጠረና በምን ቤተሰቡን እንዳሳደረ ግን ከሰው አፍ እየለቀሙ ካልሆነ አይገኝም።

የጀመርኩት ከአያቴ እኅት ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠይቃቸው መልስ አልነበራቸውም። «የኅዳር በሽታ ሲገባ አባትዎ ተቀጥረው ነበር?» ስላቸው ግን ወዲያው «ያኔማ አባባ የባቡር ሰው ሆነዋል፤ እማማ የበኩር ልጇን የቀበረችው በዚያ በሽታ፣ እዚያው ድሬዳዋ ነው» አሉኝ። በሽታው የገባው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ቅጥሩ ከዚያ በፊት መሆኑን በዚህ አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ አረጋውያንን ስጠይቅ ጣሊያን ሲገባ፣ ጣሊያን ሲወጣ እያልኩ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ሙያቸው ማስነገር ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይናቅ ስለነበር፣ ዘመዶቼ «ባቡር ቤት ሹም ነበሩ» ብለው ያልፉኛል። የትውልድ ሐረጉን ትቼ ስለ ኑሮው፣ ማለትም ደመወዙ ስንት ቀን ያቆይ እንደነበር፣ ልብሳቸውን ማን ያጥብ እንደነበር ስጠይቅ ነው መዶሻውና የተቃጠለው ክንዳቸው የተነገረኝ። እኔ ይህን ከማንኛውም ሹመት አብልጬ እኮራበታለሁ።

በሣጥን ተቀምጦ የቆየ አንድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሥራ ወረቀትም አገኘሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ቀኑ የአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ሰባት፣ ለቀሪው ስምንት ዓመት ይቀነሳል። እንደ ወልደ ሥላሴ ያለ ጥምር ስም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለተኛው ክፍል የአባት ስም መስሎ ሊጻፍ ይችላል።

ሚስታቸውን፣ ማለትም ሴቷን ቅድመ አያቴን የምትመለከት አንዲት መስመር እንኳ በዚያ ወረቀት ላይ የለችም። ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጆቻቸውን እንዳስተማሩ የነገሩኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ተጽፎ ያገኘሁት በሰፈሩ የዕድር መዝገብ ነው።