የነጭ ግድግዳ ጥላ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጥላ ተሳካልኝ። ሰባት ወር ሙሉ ያታገለኝ ጥላ ስለሆነ ደስታውን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም፤ እንደኔ ሥዕል እየተማራችሁ ላላችሁ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያለፍኩበትን ባጭሩ ልበል። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሥዕል መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት በእርሳስ ብቻ አለፉ፤ መስመር፣ ቅርጽ፣ ጀበና፣ ስኒ፣ እንደገና ጀበና። ከዚያ እርሳሴን ይዤ በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ገባሁ፤ ቁልቁለቱ አስቸገረኝ። ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ ሁሉ ሜዳ አድርጌ ነበር የምሥለው። የበርና የመስኮት አግዳሚ መስመሮች ዓይናችን ደረጃ ላይ ይገናኛሉ፤ ቁልቁል የሚወርደው የመንገዱ ጠርዝ ግን የሚገናኘው ከዚያ በታች ነው። ይህን ስረዳ መንገዱ መውረድ ጀመረ። ቅንብርን በተመለከተ ወረቀቱን ሦስት በሦስት ከፍሎ መስመሮቹ ላይ ዕቃ መደርደር ለኔ ብዙም አልሠራም። ጠባብ መንገድ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቅርጽ፣ ጥላ ያረፈበት ቅርጽ፣ ከላይ ደግሞ ቁራጭ ሰማይ ይበቃል። እነዚህ ሦስቱ በመጠን እኩል ካልሆኑ ሥዕሉ ራሱን ይችላል።

ቀለም ላይ ስደርስ አምስት ቱቦ አክሪሊክ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ እና በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ። ባለ 12 ክፍሉን የቀለም ክብ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ጊዜ መሥራቱ ይበቃ ነበር። ክቡን ደጋግሞ ማሳመር ቀለም ማየትን አያስተምርም፤ እኔ ሁለት ወር ያባከንኩት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥላው ልምጣ። መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሀረሪዎቹ ኡጋ ከሚሏቸው ጠባብ መንገዶች አንዱ ላይ፣ በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ አለ። ፊት ለፊቱ ደግሞ አረንጓዴ ግድግዳ። ክንዴን ብዘረጋ ሁለቱንም እነካለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ አረንጓዴው ላይ ታርፋለች፣ ነጩ ጥላ ውስጥ ይቀራል። እኔ የፈለግኩት ያንን ጥላ ነው።

መጀመሪያ ከሰው በተዋስኩት ጥቁር ነጩን አጠቆርኩት። የወጣው ጥላ ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። ቀጥሎ «ጥላ ሰማያዊ ነው» የሚለውን ትምህርት ሰማሁና አልትራማሪን ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ባለቤቱ ግድግዳውን ሰማያዊ የቀባው መሰለ። ትምህርቱ ስህተት ሆኖ አይደለም። ሜዳ ላይ ፀሐይ ስትጋረድ ጥላው ላይ የሚደርሰው ብርሃን ባብዛኛው የሰማዩ ስለሆነ እውነትም ወደ ሰማያዊ ያደላል። እኔ ያለሁት ግን ሜዳ ላይ አልነበረም። ስድስት ሸራ እላዩ ላይ ደጋግሜ እየቀባሁ አበላሸሁ፤ አንድ ሳምንት ብሩሽ አልነካሁም።

መንገዱን ያሳዩኝ አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ስትወርዱ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ ከክሮቹ መካከል አንዱን ጥቅል መረጥኩና «ይሄኛው ይሄዳል፣ አባባ» አልኳቸው። «ጥቅሉን አይተሽ አትምረጪ፣ ልጄ» አሉኝና ከጥቅሉ አንድ ዘለላ ፈትተው ጨርቁ ላይ ጣሉት። ጥቅሉ ላይ ጠቆር ያለው ክር ብቻውን ሲሆን ፈዘዘ። ትክክለኛው ክር እኔ ያላሰብኩት፣ ከመረጥኩት በሁለት ደረጃ የጠቆረው ሆነ። እዚያው ቆሜ የኔ ጥፋት ገባኝ። ግድግዳውን አይቼ፣ አንገቴን አዙሬ፣ በትዝታ ነበር የማዋህደው። ቀለሙን አንድ ቀን እንኳ ግድግዳው አጠገብ አድርጌ አላስተያየሁትም።

ያን ማታ የጫማ ካርቶን ቆረጥኩ። ከነጭ፣ ከአልትራማሪንና ከሲየና መካከለኛ ግራጫ ሠርቼ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ዳር ላይ በወረቀት መብሻ አንድ ቀዳዳ አበጀሁ። መሣሪያው ይኼው ነው። ካርቶኑን ክንዴን ዘርግቼ እይዛለሁ፣ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ በቀዳዳው ግድግዳውን አያለሁ። ያዋሃድኩትን ቀለም ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አስነካለሁ። ሁለቱ ሲዋሐዱና ጠርዙ ሲጠፋ ቀለሙ ተገኘ ማለት ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ያስነካሁት እስኪደርቅ መጠበቅ አለብኝ።

በቀዳዳው ያየሁትን መጀመሪያ አላመንኩም። ነጩ ግድግዳ ነጭ አልነበረም። ጭራሽ ወደ ግራጫማ አረንጓዴ ያደላ ነበር፣ ጥቁረቱም እኔ ከቀባሁት በብዙ ይበልጣል። ፀሐይ ያረፈበት አረንጓዴ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ካለው ነጭ ይበልጥ ይበራ ነበር! አእምሯችን ግድግዳው በኖራ የተቀባ መሆኑን ስለሚያውቅ በጥላም በፀሐይም ነጭ አድርጎ ያቀርብልናል፤ ለኑሮ ይጠቅማል፣ ሠዓሊን ግን ያሳስታል። አረንጓዴው የተቀበለውን ብርሃን ወደ ነጩ ይመልሰዋል። የነጩ የላይኛው ክፍል ደግሞ ሰማይ ስለሚያይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቀለም አለ፤ እኔ ግን ሰባት ወር በአንድ ቀለም ልሸፍነው ስታገል ነበር። ቅዳሜ ዕለት ነጭ ላይ ጥቂት አልትራማሪንና ሲየና አድርጌ፣ በብሩሽ ጫፍ ቢጫ ጨመርኩ፤ ወደ ላይ ስወጣ ቢጫውን ቀነስኩ። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ።

ካርቶኑ ለምን ግራጫ ሆነ ለምትሉኝ፣ ቀለም በጎረቤቱ ስለሚለወጥ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን ማምረቻ የቀለም ነከራ ኃላፊ ሳለ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ጨርቅ ላይ የሚገባው ጥቁር ክር ደክሟል የሚል ቅሬታ ደረሰው። ክሩን ሲመረምር ነከራው ጉድለት አልነበረውም፤ ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ ያለው ቀለም ነበር። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመ። ነጭ ካርቶን በቀዳዳው የሚታየውን ሁሉ ያጠቁረዋል፣ ጥቁር ካርቶን ያበራዋል፣ ባለ ቀለም ካርቶን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ግራጫው ጣልቃ አይገባም።

ይህን ብዬ ግን ያልፈታሁትን ልናገር። ካርቶኑ ራሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ውጤቱን ይለውጠዋል። ፀሐይ ላይ ብይዘው ጥላው በቀዳዳው ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ጥላ ውስጥ ብይዘው ደግሞ ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ በቱቦ ነጭ እንኳ አልደርስበትም። አሁን የማደርገው ካርቶኑን ሸራው ባለበት ብርሃን ውስጥ መያዝና ለጥላው ብቻ መጠቀም ነው። ፀሐይ የነካውን ክፍል እስካሁን በግምት ነው የምቀባው፤ ቅዳሜም አረንጓዴውን አፍዝዤዋለሁ። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።

ስለ ስልክ ፎቶ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ ጥላን ከስልክ አትቅዱ። ካሜራው የብርሃኑን መጠንና የነጩን ሚዛን በራሱ ስለሚያስተካክል፣ ያ አረንጓዴ ጭላንጭል ወይ ይጠፋል ወይ ጥቁር ይሆናል። ሆኖም ካበላሸኋቸው ስድስት ሸራዎች አራቱ ከስልክ የተቀዱ ናቸው። መንገድ ላይ ስቆም ልጆች ይከቡኛል፣ ሰው ሸራዬን ሲያይ እጄ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ፎቶ አንስቼ ቤቴ እገባ ነበር። ልጆቹን ያላመድኩት በዚያው ካርቶን ነው፤ ተራ በተራ በቀዳዳው ሲያዩ እኔ እሠራለሁ። አንዷ ትንሽ ልጅ ሳልነግራት «አረንጓዴ ነው» አለች።

ጥቁር ቱቦ ለመጀመሪያው ዓመት አትግዙ እላለሁ፤ አልትራማሪንና ሲየና ሲዋሐዱ የሚሰጡት ጥቁር ሕይወት አለው። ቢጫ ላይ ጥቁር ጠብ ሲደረግ የሚወጣውን የወይራ አረንጓዴ ግን እወደዋለሁ፤ እሱን ስፈልግ አሁንም እዋሳለሁ።

ሰዓት ደግሞ ወሳኝ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ጥላው ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ሐረር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ስለምትቆም ያኔ ግድግዳዎቹ ላይ ጥላ ፍለጋ አትውጡ። እኔ የጥላውን ጠርዝ መጀመሪያ በእርሳስ እይዝና፣ ቢንቀሳቀስም አልከተለውም።

ቅዳሜ ዕቃዬን ስሰበስብ የአረንጓዴው ግድግዳ ባለቤት፣ አንዲት እናት፣ ወጥተው ሸራውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከረመዳን በፊት ግድግዳቸውን ሮዝ ሊቀቡት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ነጩን ማንም ሳይነካው ጥላው ሊለወጥ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሸራዎች ወጥሬ ጨርሻለሁ፤ አንዱን በመጪው ቅዳሜ፣ ሌላውን የሮዙ ቀለም በደረቀ ማግስት እጀምራለሁ።