ስድስት የሰጠሁት ፎቶ

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡብን። ሁዳዴው የካቲት 17፣ ረመዳኑ የካቲት 22። ሌላ ጊዜ የአንዱ ሠርግ ሲቆም የሌላው ይቀጥላል። ደሴ ላይ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሆኖ ዓመቱን መግፋት የሚቻለውም በዚህ ነው። ያን ጊዜ ግን ሁሉም በአንዴ ቀጥ አለ። ጥርን ያለ እንቅልፍ የከረምን ሰዎች ድንገት ሥራ ፈት ሆንን። ሌንስ ወለወልን፣ ባትሪ ቻርጅ አደረግን፣ ከዚያ የሚደረግ ነገር ጠፋ።

አንዱ «እስቲ እርስ በርሳችን እንወዳደር» አለ። ቀልድ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሁለት ሰው ተመዘገበ። ከኮምቦልቻም ከሐይቅ ከተማም መጡ። ሕጉ ቀላል ነው። ከጥር ሠርግ አንድ ፎቶ ብቻ፣ 8 በ12 ኢንች ታትሞ ይምጣ። ሎጎ የለ፣ ስም የለ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ብቻ። ዳኛ ሦስት፣ እያንዳንዱ ከ10 ይሰጣል። አንደኛ ለወጣ ከመዋጯችን የተገዛ ሚሞሪ ካርድ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጭብጨባ።

እኔን ዳኛ አደረጉኝ። «አንተ ከተወዳደርክ ማን ሊዳኝ ነው?» ሲሉኝ ክብር መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሌላ ማንም መዳኘት አልፈለገም። ነገ ትሪፖድ የምትዋሰው ሰው ፎቶ ላይ አራት መስጠት ቀላል አይደለማ።

ታትሞ ይምጣ ያልነው የስልክ ስክሪን ስለሚዋሽ ነው። ብርሃኑን ከፍ ስታደርገው የጨለመው ፎቶ ሁሉ ይድናል። ወረቀት ላይ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ሌላም ምክንያት ነበረ፤ ማንም ጮክ ብሎ አላነሳውም። በ2014ቱ ጦርነት እዚህ ከተማ ስንቱ ሱቅ ተዘረፈ። የእኔም ሁለት ሃርድ ዲስክ አብሮ ሄዷል። የስድስት ዓመት ሠርግ። ነገሩ ሲረጋጋ ያኔ ሙሽራ የነበሩት፣ አሁን ልጅ ያዘሉት፣ እየመጡ «ኮፒ ይኖርህ ይሆን?» ይሉኝ ነበር። አልነበረኝም። አንዳንዱን ከዘመድ ቤት በተረፈ አልበም ላይ መልሼ አንስቼላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «ፍላሽ ላይ ብቻ አድርግልኝ» ሲለኝ እጨቃጨቃለሁ።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ተሰበሰብን። ግማሹ ገና ማፍጠሩ ነው። ግማሹ ሥጋና ወተት አይነካም። ቴምርና የምስር ሳምቡሳ ሁለቱንም ወገን አስታረቀ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ከቶሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ከኮምቦልቻ የመጡት ጃኬታቸውን ሳያወልቁ አመሹ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሁለተኛው ዳኛ ከፊልም ዘመን የተረፉ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። በእሳቸው ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው። ለአንድ ሠርግ ሁለት ጥቅል ከያዝክ ሀብታም ነህ። እኛ ዛሬ ሙሽራዋ ከመኪና እስክትወርድ ብቻ ያን እንጨርሳለን። አባባ ፎቶ ሲሰጣቸው መጀመሪያ ገልብጠው፣ ራሱን ወደ ታች አድርገው ያዩታል። ሰውየው ማን እንደሆነ ስትረሳ የብርሃኑና የጥላው ሚዛን ነው የሚታይህ ይላሉ። ቀጥሎ አቅንተው ያዩና አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ይሄን ሰው ቤቱ ይሰቅለዋል?»

ሦስተኛዋ ሙሽራ የምታስውብ ሴት ናት። ፎቶ አንሺ ሳትሆን እንዴት ትዳኛለች ብሎ ያጉረመረመ ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዝም አሰኘችው። «የቬሎው ዚፕ አልተዘጋም።» «ፋውንዴሽኑ አንገቷ ላይ ተቋርጧል፤ ፊቷና ደረቷ የሁለት ሰው ነው።» «ይቺ ልጅ ደሴ ተኳኩላ ኮምቦልቻ ነው የተነሳችው፤ ቀልጧል።» እውነቷን ነበር። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ስትወርድ ደሴ ላይ እንደ ሐር የተኛው ሜካፕ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ይለቃል። ይህን ሁላችንም በየሳምንቱ እያየን በኤዲቲንግ ስንሸፍን ነው የኖርነው።

ብዙዎቹ ፎቶዎች ቶሎ አለፉ። አንዱ ሙሽሮቹን ሐይቅ ዳር አቁሞ ውሃውን በፕሪሴት፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ፣ አረንጓዴ ሰማያዊ አድርጎታል። አባባ ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው። ፎቶውን ወደ አምፖሉ አስጠግተው «ይሄ ውሃ የማነው?» አሉ። ሌላው አይጠየፍ አዳራሽን ከጀርባ አስገብቷል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ለሠርግ የተሠራ ይመስላል፤ ማንንም አይጠየፍ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከሙሽራው አናት ላይ ምሰሶ በቅሏል። እንደ ቀንድ።

ደግሞ ነጩ ነገር አለ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመጎተት የተሠራ ዕቃ ነው። ቬሎና የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል። ነጩ አመድ ይመስላል፣ የሙሽራዋ ጠይም ፊት ደግሞ ከሰል። መድኃኒቱ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ፣ ማለት እጥፍ ያህል፣ ከፍ ማድረግ ነው። የማያውቅ የለም። ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ይህን አያስታውስም። ከሃያ ሁለቱ ሰባቱ አመድና ከሰል ነበሩ። ሰባቱን ስቆጥር የራሴም ሁለት የጥር ሠርግ ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ ቁጥር 14 እጄ ገባ።

ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ነው። በዳሱ በር በኩል የቀን ብርሃን ይገባል። ከበሩ ውጪ የሙሽራዋ ቬሎ ጫፍና የመኪናው የተከፈተ በር ብቻ ይታያል፤ ሙሽራዋ የለችም። ከውስጥ እናትየው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲጋፋ እሳቸው አልሄዱም። በቀኝ እጃቸው የላስቲክ ጫማ ይዘዋል። ሙሽራዋ ባለ ተረከዙን ስታደርግ ያወለቀችው፣ የጓዳ ጫማዋ ነው። ጣታቸውን ሁለቱ ጫማዎች መሃል አስገብተው፣ ሰው እንዳያይባቸው በነጠላቸው ጫፍ ሊሸፍኑት ሲሉ ነው የተነሳው። አንዱ ጫማ ተሸፍኗል። አንዱ ቀርቷል። ተረከዙ በአንድ በኩል አልቋል።

አባባ ገልብጠው አዩት። አቀኑት። «ሠርጉ የእስላም ነው የክርስቲያን?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ከእናትየው አለባበስም ከዳሱም የሚለይ ነገር የለም። ወሎ ነው።

ይህን ፎቶ ማን እንዳነሳው ገና ሳየው አውቄያለሁ። ቁጥሩ ምን ይሠራል? የሰው እጅ አይደበቅም። ካሜራው በጉልበት ቁመት ነው። እኔ ጋ ሦስት ዓመት ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ስታነሳ በርከክ በል፣ ቁልቁል አትያቸው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ፍሬሙ ወደ ግራ ትንሽ ዘመም ይላል። ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ! እስከ ዛሬ አልተወውም። አሁን የራሱን ስቱዲዮ ከፍቷል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ የቡና ሲኒውን እያሽከረከረ ነበር። ወደ እኔ አላየም።

እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ያየሁት ሌሎቹን ነው። «ለራሱ ልጅ ሰጠ» ሊሉ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ስህተት መፈለግ ጀመርኩ። የፈለገ መቼ ያጣል? ሸራው የእናትየውን ግማሽ ፊት ሰማያዊ አድርጎታል። ከሰማያዊ ሸራ ሥር ይሄ የታወቀ በሽታ ነው፤ ፊቱን ስታስተካክለው ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብርቱካን ይሆንብሃል። ፎከሱም ጫማው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ትንሽ ለስልሷል። ዘመም ማለቱም አለ። ሦስት ጥፋት። ሁሉም እውነት ናቸው። ግን ከሦስት ፎቶ በፊት ለተመሳሳይ ሰማያዊ ፊት ስምንት ሰጥቼ ነበር። ያነሳው ሰው የማላውቀው የሐይቅ ልጅ ስለሆነ ከጥፋቱ ይልቅ ድካሙ ነው የታየኝ።

ስድስት ጻፍኩ። ወረቀቷን አጠፍኳት።

ውጤቱ ሲደመር ሦስቱን ዓምድ ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ የዳኛ ስም ሳይኖር ነጥቡ ብቻ። አንደኛ የወጣው 27 አገኘ። ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ሴቶች ድቤ ሲመቱ የተነሳ ነው። የካሜራውን መዝጊያ አዘግይቶታል፤ እጆቹ ጭስ ሆነው መሃል ላይ የአንዲት አሮጊት ፊት ብቻ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ጥሩ ፎቶ ነው። ሚሞሪ ካርዱ ይገባዋል፤ ያን አልክድም። ሁለተኛው 26። ቁጥር 14 ሦስተኛ፣ 25። ዘጠኝ፣ አሥር፣ ስድስት።

ሒሳቡን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ሠራሁት። አሥሩን የሰጠችው ያቺ ሙሽራ አስዋቢ ናት። ምን አይተሽ ነው ብላት «እናቴም ይዛ ቀርታለች» አለችኝና ወደ ቡናዋ ዞረች። ዘጠኙ የአባባ ነው። እኔ ለድቤው የሰጠሁትን ዘጠኝ ለዚህም ብሰጥ 28 ይሆናል። አዳላ እንዳልባል ብዬ አዳልቻለሁ። ልጁ ተጨበጨበለት። ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ። ስንወጣ ደረጃው ላይ «ደህና እደሩ ጋሼ፣ ብርድ ነው፣ አንገትዎን ሸፍኑ» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ «አንገትዎን ሸፍኑ» አልዋጥ አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ሁለቴ ስልክ አንስቼ ተውኩት። ምን እላለሁ? «ፎቶህ ጥሩ ስለሆነ ነጥብህን ቀነስኩ»? ኢድ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ሠርጉ እንደገና ጦፈ። ዳስ ለዳስ ስንሯሯጥ አንድ ቅዳሜ የሁለት ጎረቤታሞች ሠርግ ላይ ተገናኘን። እኔ በዚህ ግቢ፣ እሱ በዚያ ግቢ። በአጥር ላይ ባትሪ አዋሰኝ። ያኔም አላልኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ስቱዲዮው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ አልበም ይለጥፋል። ወንበር ጠርጎ ሰጠኝ። ሻይ አዘዘልኝ።

«ያቺን የእናትየዋን ፎቶ አትምልኝ» አልኩት። «የእኔ ቤት ልሰቅላት ነው።»

«የቱን?»

«የጫማዋን። ቁጥር 14።»

ፈገግ አለ። እኔ ግን ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። «ስማ፣ ያን ማታ ስድስት የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሦስት ዓመት የእርስዎን ደረሰኝ ነው ስገለብጥ የኖርኩት። ስድስትዎ አናቷ ላይ እንደ መንጠቆ ትቆለመማለች። ግድግዳው ላይ ገና ስትለጠፍ አወቅኳት።»

ሻዩ መጣ። ስኳሩን እስኪሟሟ ድረስ አማሰልኩት፤ ከሟሟ በኋላም አማሰልኩት። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን አወጣ። የእናትየው ፊት አሁንም ሰማያዊ ነው። አሁንም ወደ ግራ ዘመም ይላል። «ላቅናት?» አለኝ።

«ተዋት።»

«መጠኗ?»

«ትልቅ አድርጋት። ስንት ነው?»

ማሽኑን ከፈተ፣ ወረቀቱን አስገባ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ «ለእርስዎ ስድስት መቶ» አለ።

ወላሂ አንድ ብር አልቀነሰልኝም። ቆጥሬ ሰጠሁት። ቆጥሮ ተቀበለኝ።