የፈረስ ዘፈን በጃፓን፣ የፈረስ ስም በሐረር

በጃፓን የፈረስ እሽቅድምድምን የሚያስተዋውቁ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ወይም ከ30 ሰከንድ አይበልጡም። በዚህች አጭር ጊዜ ስለ ፈረሱ ዘር፣ ስለ ጋላቢው ወይም ስለ ውርርዱ ሥርዓት ማስረዳት ስለማይቻል፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቀው ዘፈን ነው። የመነሻው በር ሲከፈት አዝማቹ ይገባል፣ ፈረሶቹ ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ሲታጠፉ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ከዚያም የውድድሩ ስምና ቀኑ ታይቶ ያልቃል። እኔ ሐረር ተቀምጬ በስልኬ እነዚህን ማስታወቂያዎች አዘውትሬ የማየው ለውርርዱ ብዬ አይደለም፤ ፈረስን በዜማ የማስታወስ ልማድ ዛሬም በሕይወት ያለበት አገር በማግኘቴ ነው።

ማስታወቂያዎቹን የሚያሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጃፓን የእሽቅድምድም ማኅበር ነው። ማኅበሩ በአሥር የመሮጫ ሜዳዎች ላይ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ውድድር ያካሂዳል፤ ከውርርዱ ሽያጭ 10 በመቶው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። እንግዲህ ማስታወቂያው ገንዘብ እንደሚፈልግ ግልጽ ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ገንዘብ የፈለገ ሁሉ ስለ ፈረስ የሚያምር ነገር አይሠራም፤ እነርሱ ሠርተዋል።

የዚህን ነገር ሥር ለማግኘት ሃይሴይኮ ወደሚባለው ፈረስ መመለስ ግድ ነው። ሃይሴይኮ በትልቁ ማኅበር ሜዳ ሳይሆን ኦኢ በሚባለው የአካባቢ መሮጫ የጀመረ ፈረስ ሲሆን፣ እዚያ ስድስት ጊዜ ተወዳድሮ ስድስቱንም ካሸነፈ በኋላ በ1973 ወደ ትልቁ መድረክ ተሻገረ፤ እዚያም ሳይሸነፍ ቀጥሎ የጃፓን ደርቢ በተባለው ታላቅ ውድድር ግን ሦስተኛ ወጣ። የሚገርመው የሕዝቡ ፍቅር ከሽንፈቱ በኋላ አለመቀነሱ ነው። ሙሉ አድራሻ የሌላቸው፣ ከተማውና የፈረሱ ስም ብቻ የተጻፈባቸው ደብዳቤዎች ሳይቀሩ ይደርሱት እንደነበር ይነገራል። በ1974 መጨረሻ ከውድድር ሲሰናበት፣ በጀርባው ላይ ሲቀመጥ የኖረው ጋላቢው ማሱዛዋ ሱኤኦ ራሱ የስንብት ዘፈን ዘፈነለት፤ ዘፈኑም በ1975 በመላ አገሪቱ ተወዳጅ ሆነ። ማሱዛዋ በሙያው ድምፃዊ አልነበረም። ቢሆንም ያንን ፈረስ ከእርሱ ይልቅ ማን ሊሰናበተው ይችላል? ከዚያ በኋላ የመጡት ማስታወቂያዎች በታወቁ ድምፃውያን ድምፅ ቢታጀቡም፣ ፈረስ ዘፈን ሊዘፈንለት እንደሚገባ ለተመልካቹ ያሳመነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ሐረር ላለ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በጀጎል ውስጥ ያለው አደባባይ ዛሬም ፈረስ መጋላ ይባላል፤ ፈረስ የሚሸጥበት ገበያ ነበረና። ከተማዋን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን አባ ቃኘው ተብለው ይጠሩ እንደነበር፣ እዚሁ አቅራቢያ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ልጃቸው ደግሞ አባ ጠቅል እንደተባሉ ማን ያጣዋል? ፎካሪውም አዝማሪውም ጀግናውን የሚያነሣው በፈረሱ ስም ነበር። ልዩነቱ ግን አለ፤ እኛ ዘንድ የፈረሱ ስም ሰውየውን ለማወደስ ያገለግላል፣ በጃፓን ግን የሚወደሰው ፈረሱ ራሱ ነው። በፈረስ ስም የተፎከረውን ያህል ስለ ፈረሶቹ ስለራሳቸው፣ ስለ መልካቸው፣ ስለ ባሕርያቸውና ስለ አሟሟታቸው የተዘፈነ ብዙ ቢኖረን ኖሮ እንዴት በወደድኩ።

ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ የምመርጠው፣ አሥር ዓመት ካለፋቸው ተከታታይ ሥራዎች መካከል ራይስ ሻወር የተባለውን ጥቁር ፈረስ የሚያስታውሰውን ነው። ይህ ፈረስ በ1992 ሚሆኖ ቡርቦን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ እንዳይወስድ አደረገ፤ በ1993 ደግሞ በኪዮቶ በ3,200 ሜትር ሜጂሮ ማክዊንን ቀድሞ፣ ሕዝቡ ሲጠብቀው የነበረውን ሦስተኛ ተከታታይ ድል ነጠቀው። ተመልካቹ የሚወዳቸውን እያሸነፈ ስላሳዘነው በጊዜው የሚገባውን ጭብጨባ አላገኘም፤ በ1995 እዚያው ኪዮቶ ሜዳ ላይ በውድድር መካከል ተሰብሮ ሞተ። ማስታወቂያው የ1993ቱን ውድድር መልሶ ሲያሳይ ለፈረሱ የዘገየ ክብር ይሰጠዋል። በአንጻሩ ታዋቂ ተዋንያን በሜዳው ሲዝናኑና ሲጨፍሩ የሚያሳዩት ማስታወቂያዎች ደስ የሚሉ ቢሆኑም፣ ፈረሱ ወደ ጀርባ ስለሚገፋ ዘፈኑም የማንም ሊሆን ይችላል፤ ለጫማም ለለስላሳ መጠጥም ይሆናል።

ድሬዳዋ ውስጥ ለረጅም ዘመን ጋሪ የነዱ፣ አሁን ሐረር ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ አሉ። በ1990 የተካሄደውን የኦጉሪ ካፕ የመጨረሻ ውድድር አሳየኋቸው። ኦጉሪ ካፕም እንደ ሃይሴይኮ ከአካባቢ መሮጫ የመጣ ፈረስ ነው፤ በዚያ የታኅሣሥ እሑድ በናካያማ ሜዳ 177,779 ሰው ተገኝቶለት ታኬ ዩታካ እየጋለበው በድል ተሰናበተ። «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ስሙን ነው የሚጠራው» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ዓይናቸው ከፈረሱ አልተነሣም። «ጆሮውን እይ እስቲ ልጄ» አሉኝ። «ጩኸት የሚፈራ ፈረስ ጆሮውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ ይኼ ለምዶታል።» ከዚያ በኋላ የትኛውንም ማስታወቂያ ሳይ አስቀድሜ የምመለከተው ጆሮውን ሆኗል፤ ካሜራው ቀርቦ ባነሣው ቁጥር ከዘፈኑ ይልቅ የሚናገረው እርሱ ነው።

ዘፈኑ ከማስታወቂያው ውጭም ይቀጥላል። በቶኪዮና በናካያማ ታላላቅ ውድድሮች ሊጀመሩ ሲሉ የሚነፋውን የመለከት ዜማ የደረሰው፣ ድራጎን ኩዌስት ለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በሠራው ሙዚቃ የሚታወቀው ሱጊያማ ኮይቺ ነው፤ ተመልካቹም የተጠቀለለ ጋዜጣውን እያወዛወዘ በምቱ ያጨበጭባል። በ2021 ደግሞ የቀድሞ ፈረሶችን በሚዘፍኑና በሚጨፍሩ ልጃገረዶች መልክ ያቀረበ የስልክ ጨዋታ ወጥቶ፣ 113 ጊዜ ተወዳድራ አንድም ጊዜ ያላሸነፈችውን ሃሩ ኡራራን ሳይቀር ከተወዳደረችበት ዘመን በኋላ ለተወለዱ ልጆች አስተዋውቋል።

ለማየት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ የዓመቱ መጨረሻ ታላቅ ውድድር አሪማ ኪኔን በዲሴምበር ወር ማብቂያ ላይ በናካያማ ይካሄዳል፤ የሚሮጡትን ፈረሶች በአብዛኛው የሚመርጠው የሕዝብ ድምፅ ነው። ጃፓን በሰዓት ከእኛ በስድስት ስለምትቀድም ውድድሩ እዚህ የሚደርሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ማስታወቂያው ግን ቀደም ብሎ ስለሚወጣ፣ የፈረሶቹን ስም ከዘፈኑ ጋር አስቀድሞ መያዝ ይቻላል።