ቤዝላይኑን ያበላሸሁት እኔው ነኝ

ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር። አስቀድሜ የምናገረው የመጨረሻ ሪፖርታችን ተቃራኒውን ስለሚል ነው።

ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ የእድሩ ሰዎች በተራ እየመጡ ሙያ ያሳያሉ፣ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ያስጠናሉ፣ ቁጠባም አላቸው። የእኔ ሥራ በልጆቹ ላይ ለውጥ መምጣቱን መለካት ነበር፤ መጀመሪያ መነሻውን (ቤዝላይን የሚሉትን)፣ በዓመቱ ደግሞ እንደገና። የወላጅ ፈቃድ ሰበሰብኩ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች አሠለጠንኩ። የድጋፍ ደብዳቤው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ማህተሙን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ ነበር።

ጉዱ መጠይቁ ላይ ነው።

ዶነሩ፣ ማለትም ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት፣ በራስ መተማመንን በሮዘንበርግ መለኪያ ለኩልኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ 10 ዓረፍተ ነገር ያለው፣ የታወቀ መለኪያ ነው። መመሪያው እንደሚያዘው አስተረጎምኩት፤ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፤ ገጠመ። ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ ያ ደስታዬ ነው። መግጠሙ ያረጋገጠው የሁለቱን ተርጓሚዎች እንግሊዝኛ እንጂ የልጆቹን መረዳት አልነበረም።

ከ10ሩ 5ቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸው። «የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም» ይላል፤ የምትኮራበት ያላት ልጅ «አልስማማም» ማለት አለባት። አንዷ የ13 ዓመት ልጅ እርሳሷን ነክሳ ቆየችና «አለኝ ለማለት፣ የለኝም በሚለው አልስማማም ነው የምለው?» አለችኝ። እኔም ቆም ብዬ አሰብኩ። ኩራት የሚለው ቃል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ዘንድ «ኩሩ ናት» ማለት ሰው ትንቃለች ማለትም ነው፤ ወግ ያላት ልጅ ምን ብላ ትሙላው?

በዚያ ላይ ሁሉንም በአንዴ፣ ተራርቀው ተቀምጠው፣ አስተባባሪያቸው በመሃል እየተዘዋወረች ነው ያስሞላናቸው። ለተማሪ ይህ ፈተና እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? «ቲቸር፣ ትክክለኛው የቱ ነው?» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ያኔውኑ ማቆም ነበረብኝ። የመኪና ኪራይ ተከፍሏል ብዬ ዝም አልኩ። ልጆቹ ጎበዝ ልጅ የሚመልሰውን መለሱ፤ ውጤቱ ገና ከመነሻው ጣሪያ ነካ።

በዓመቱ አንድ በአንድ፣ በቃል፣ አስተባባሪዋ በሌለችበት ጠየቅናቸው። ያመኑትን ተናገሩ። ውጤቱ ወረደ። «ፕሮግራሙ በራስ መተማመን ይቀንሳል እንዴ?» የሚል ኢሜይል መጣ። ምክንያቱን በአባሪ ጻፍኩ፤ አባሪ ማን ያነባል? የሁለተኛው ዙር ገንዘብ ተቆረጠ።

አሁን ምንም ያህል የታወቀ መለኪያ ቢሰጡኝ መጀመሪያ ለአምስት ስድስት ልጆች አንብቤ «ምን ማለት ነው?» እላለሁ። መልሳቸው ካልጣመኝ እጥለዋለሁ፤ ዶነር ይቆጣ። ከስሜት ይልቅ የተደረገውን እጠይቃለሁ፦ ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቀሻል? ቢቸግርሽ ከቤት ውጭ ማን ጋ ትሄጃለሽ? እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 አማራ ክልል ሞሰቦ ላይ የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን የተባለው፣ የሴት ልጆችን ያለዕድሜ ጋብቻ ለመከላከል የተቋቋመ ፕሮግራም ሲገመገም ትምህርት ቤት መገኘትና ማግባት አለማግባት ተቆጥረዋል፤ ያውም ፕሮግራሙ ካልገባበት አካባቢ ጋር ተነጻጽሮ። ልክ መስጠት ግድ ከሆነም አምስት ፍሬ ባቄላ እሰጥና «የተስማማሽውን ያህል ሲኒው ውስጥ ጨምሪ» እላለሁ። የምንቀመጠው ሰው በሚያየን እንጂ በማይሰማን ቦታ ነው።

ያቺ እርሳስ የነከሰችው ልጅ በዓመቱ የስም መቆጣጠሪያውን የምትይዘው እሷ ሆናለች። የአዳራሹን ቁልፍ የያዙት የእድሩ ዳኛ ግማሽ ሰዓት አርፍደው ደረሱ። መዝገቧን ገለጠችና «አባባ፣ ባለፈው ቅዳሜም አርፍደዋል። ልጻፈው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም፣ ጻፈችው። እኔ ኮምፒውተር ላይ የእሷም በራስ መተማመን ቀንሷል።