የገና ሰላምታ ከለንደን፤ ድመቱም ደህና ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላምና በጤና አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነ ወዳጆቼም፣ ዶሮው ለሁላችን ስለሚበቃ እንኳን አብሮ አደረሰን። አገር ቤት ያላችሁም፣ ዋሽንግተን፣ ቴላቪቭ፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት ያላችሁም፣ ጾሙን በሰላም ፍቱ።

እኛ እዚህ ገናን ሁለቴ ነው የምናየው። የመጀመሪያው የፈረንጆቹ ነው። እሱ ሲመጣ እኛ ጾም ላይ ነን፤ ጎረቤት ተርኪውን ሲጠብስ ሽታው በመስኮት እየገባ እኛ ሽሯችንን እናማስላለን። ያን ቀን ለንደን ውስጥ ባቡርም አውቶቡስም የለም። ከተማው ጭር ይላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ንጉሡ በቴሌቪዥን ይናገራሉ። ይህ ልማድ በ1932 በሬዲዮ የተጀመረ ነው። (ዛሬ ሁሉንም በፈረንጅ ቆጠራ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።) የሚገርመኝ የሚያዳምጡት ሰዎች ናቸው። አያት፣ አማች፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም ከማዕድ ላይ የወጣ የወረቀት ዘውድ ደፍተዋል። እውነተኛው ንጉሥ ሱፍ ለብሰው ባዶ ራሳቸውን ቆመው ይናገራሉ፤ ሕዝቡ ዘውድ ደፍቶ አፉ ላይ ድንች እንደያዘ ያያቸዋል። ይህን አገር አስረዳን ለሚለኝ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው።

አገር ቤት ስደውል የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «እንግሊዝ ምን ነካት? በየወሩ መሪ ትቀያይራለች አሉ።» በየወሩ እንኳን አይደለም። ካሜሮን በ2016 ከወረደ ወዲህ ግን ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ፣ ስታርመር እያልን ቆጥረናል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት በሆነው ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ውስጥ ሥራውን አጥብቆ የያዘው አንድ ብቻ ነው፤ ድመቱ ላሪ። ከባተርሲ የእንስሳት መጠለያ ተወስዶ በፌብሩዋሪ 2011 የተሾመ ነው። ማዕረጉም ዋና አይጥ አዳኝ ይባላል። ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አይቷል። አይጥ ስለመያዙ ብዙ ይታማል፣ ግን ማንም ይውረድ ብሎ አያውቅም።

ሊዝ ትረስ በበኩሏ 49 ቀን ነው የቆየችው። ዴይሊ ስታር የተባለው ጋዜጣ አንድ ጥቅል ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀምጦ፣ ዊግና ዓይን ገጥሞለት፣ ማን ቀድሞ ይጠወልጋል ብሎ ሕዝቡን አወራረደ። ሰላጣው አሸነፈ። ጆንሰን ደግሞ በኮሮና ጊዜ ሕዝቡን ከቤት አትውጡ ብሎ ዘግቶ፣ እሱ ለልደቱ ኬክ ሲቆረስለት ተገኘና በ2022 ፖሊስ ቀጣው። አንዱ ደጋፊው ወጥቶ በኬክ ደፈጣ ተደርጎበት ነው ብሎ ተከራከረለት። ሱናክ በሜይ 2024 ምርጫ መጥራቱን ሊናገር በሩ ላይ ሲቆም ዝናብ ወረደበት። ዝናብ በማያጣው አገር፣ ከአገሩ ሀብታሞች አንዱ የሆነ ሰው፣ ዣንጥላ የሚይዝለት አጥቶ ሱፉ እስኪበሰብስ ንግግሩን ጨረሰ።

የምርጫው ሌሊት ደግሞ ሌላ ነው። የድምፁ ውጤት ሲነበብ ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ አንድ መድረክ ላይ ይሰለፋሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም አይቀርለትም። በ2024 ሱናክ ዮርክሻየር ውስጥ ሲቆም፣ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ጭንቅላቱ ላይ የቆሻሻ ባልዲ የደፋ ካውንት ቢንፌስ የተባለ ሰውዬ ነበር። ይኸው ሰው በ2019 ከጆንሰን ጋርም ተወዳድሯል። 500 ፓውንድ መያዣ ያስያዘ ሁሉ ይወዳደራል፤ ከመቶ አምስት ድምፅ ካላገኘ ገንዘቡ ይቀራል። ጸጥታ አስከባሪ መጥቶ ባለባልዲውን «ዞር በል» አላለውም። በማግስቱ ሱናክ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ተሰናበተ፤ እኩለ ቀን አካባቢ ስታርመር ተተካ።

እኛ መሪ ሲወርድ የምናውቀው በቮልስዋገን፣ በአውሮፕላን ወይም በሬሳ ሳጥን ነው። (አቶ ኃይለማርያምን አልረሳኋቸውም። ክብር ይግባቸውና እሳቸው በደብዳቤ ነው የለቀቁት።) ስለዚህ ያን ባለባልዲ ሳይ እንግሊዞቹ ይስቃሉ፣ እኔ እቀናለሁ። ሥልጣን ላይ ባለ ሰው መሳቅ ትልቅ ነገር ነው። የማያስቆጣበት፣ የማያሳስርበት አገር ብርቅ ነው።

ቅናቴ ግን እየቆየ ቀዝቅዟል። እየቆየሁ ሳየው ሳቁ ሥራ የሚያስፈታ ነገር አለው። ሰው ከሳቀ በኋላ የሆነ ነገር ያደረገ ይመስለዋል። ተሳቀ፣ ተረሳ፣ ቀጠለ። በዚያው በ2024 ምርጫ የስታርመር ፓርቲ ሌበር ከመቶ 33.7 ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411ዱን ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ ከመቶ 14.3 አግኝቶ 5 መቀመጫ ደረሰው። ሊበራል ዴሞክራቶች ከሪፎርም ያነሰ፣ ከመቶ 12.2 አግኝተው 72 ወሰዱ። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ስለሚያልፍ ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ሳስረዳ «ኮሮጆ ተገለበጠ እንዴ?» ይለኛል። አይ፣ አልተገለበጠም። ሕጉ ራሱ ነው። ለዚህ ግን ሰላጣ ያስቀመጠ ጋዜጣ የለም፤ ሒሳብ አያስቅማ።

በ2025ም ቀልዱ አልነጠፈም። በጃንዋሪ የፀረ ሙስና ሚኒስትሯ ባንግላዴሽ ውስጥ በቤተሰቧ ላይ በተከፈተ የሙስና ምርመራ ስሟ ተነሥቶ ለቀቀች፤ ምንም አላጠፋሁም ትላለች። በኦገስት የቤት አልባዎች ጉዳይ ሚኒስትሯ ተከራዮቿ ከወጡ በኋላ ቤቱን በወር በመቶዎች ፓውንድ ጨምራ ለኪራይ በማቅረቧ ለቀቀች። በሴፕቴምበር የቤቶች ሚኒስትሯ አንጄላ ሬይነር፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበረች፣ ለገዛችው ቤት የሚገባውን ግብር ሳትከፍል ተገኝታ ለቀቀች። የቤት ነገር እዚህ አገር ሚኒስትርም አይምር። በእኛ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ሴፕቴምበር 11፣ በዋሽንግተን አምባሳደር የነበረው ማንደልሰን በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ከነበረው አሜሪካዊ ባለሀብት ከኤፕስታይን ጋር በነበረው ወዳጅነት ተባረረ። በኖቬምበር ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሯ በጀቱን ለፓርላማ ልታነብ ስትዘጋጅ፣ በጀቱን የሚገመግመው ቢሮ ምስጢሩን ሁሉ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በስህተት። የቢሮው ኃላፊም ለቀቀ። መልቀቅን በሚመለከት እንግሊዝን የሚያማ የለም።

አሁን ሳቁ እኛ ጋ የደረሰበት ላይ መጣሁ። በዓል ነውና ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን ከእኛ ውስጥ ዓመቱን በዚህ ያላሳለፈ ያለ አይመስለኝም።

በበጋው ኤፒንግ በተባለች ከተማ በሆቴል ያረፈ አንድ ጥገኝነት ጠያቂ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጸመ። የእኛው አገር ሰው ነው። ተፈርዶበት ታሰረ። ሥራው ነውርም ወንጀልም ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ቀልደኛ ቢጽፈው አይታመንም። በኦክቶበር እስር ቤቱ ወደ ስደተኞች ማቆያ ሊያዛውረው ሲገባ በስህተት ፈታው። ሰውየው እስር ቤቱ ደጅ ግራ ተጋብቶ ሲመላለስ ነበር ብሎ አንድ ሾፌር ለጋዜጠኞች ተናገረ። ፖሊስ ሁለት ቀን ፈልጎ ፊንዝበሪ ፓርክ አገኘው። ወደ አገሩ ሲላክም አውሮፕላኑ ላይ እንዳይረብሽ 500 ፓውንድ ተሰጠው። አገሩ ሳቀ፣ ተቆጣ፣ ሚኒስትሮች ማብራሪያ ሰጡ።

እኛ አልሳቅንም። ያን ሰሞን ሥራ ቦታ «የየት አገር ሰው ነህ?» ሲባል ከመመለሱ በፊት ትንሽ የሚያስብ ሐበሻ ብዙ ነበር። በየመንገዱ የእንግሊዝ ባንዲራ የተሰቀለበት በጋ ነው። ባንዲራ መውደድ ችግር የለብኝም፤ እኛም በየታክሲው የምንሰቅል ሕዝብ ነን። የአደባባይ መሐል ላይ በቀለም የተቀባ የዚያን ባንዲራ መስቀል ስታይ ግን ለማን እንደተቀባ ይገባሃል።

በኖቬምበር የሆም ኦፊስ፣ ማለትም የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ አዲስ ዕቅድ አመጣች። የእሷም ወላጆች ከፓኪስታን የመጡ ናቸው። በዕቅዱ መሠረት ጥገኝነት ያገኘ ሰው በየ30 ወሩ ጉዳዩ ይታያል። አገሩ ሰላም ሆኗል ከተባለ ይመለሳል። ካልሆነ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት 20 ዓመት ይጠብቃል፤ እስከዚያ 5 ነበር።

ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ ጃንሆይ ናቸው። ጣልያን አገራችንን ሲይዝ በጁን 1936 ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ወረዱ። ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሐውስ የሚባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 እዚያ በስደት ኖሩ። የማህሙድ ሕግ ያኔ ቢኖር የመጀመሪያው 30 ወር የሚሞላው በዲሴምበር 1938 ነው። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 16፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያም ንጉሠ ነገሥት መሆኑን በይፋ ተቀብሎ ነበር። እንግዲህ ደብዳቤውን አስቡት። «ግርማዊነትዎ፣ ጉዳይዎን መርምረናል። አገርዎ አሁን ሕጋዊና የተረጋጋ መንግሥት አለው። በ28 ቀን ውስጥ እንዲወጡ ይሁን።» ጃንሆይ ግን ያን ቤት በኋላ፣ በ1958፣ ለባዝ ከተማ አረጋውያን ሰጡት። ስደተኛ ለአገሩ ምን ይጠቅማል ለሚለው እኔ የባዝ ሽማግሌዎችን ጠይቁ እላለሁ።

እናም ወዳጆቼ፣ ለንደን ያላችሁ፣ የበዓል ምኞቴ አንድ ተግባራዊ ነገር አለበት። ሜይ 7፣ 2026 በለንደን የካውንስል ምርጫ ነው። ዜግነት ሳይኖረን የመኖሪያ ወረቀት ብቻ ያለን አንመርጥም። የናይጄሪያው፣ የኬንያው፣ የኡጋንዳው ሰው የኮመንዌልዝ ዜጋ ነውና ዜግነት ሳይወስድ ይመርጣል። ሩዋንዳዊውም ይመርጣል፣ ያው ስደተኛ ልንልክባት ነው ተብሎ ወደ 700 ሚሊዮን ፓውንድ ፈስሶ በፈቃዳቸው አራት ሰዎች ብቻ የሄዱባት ሩዋንዳ። ቅኝ ባለመገዛታችን ካጣናቸው ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዜግነት የወሰዳችሁ ግን ብዙ ናችሁ። ምዝገባው ሳያልፍ ተመዝገቡ። «ሁሉም ያው ነው» የሚለውን ለእኔ አታምጡት፤ ሁሉም ያው ቢሆን የባንዲራው ሰዎች ይህን ያህል ባልሮጡ።

ደግሞ መታወቂያ መያዝ እንዳትረሱ። ድምፅ ለመስጠት ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግድ የሆነው በጆንሰን ዘመን በወጣ ሕግ ነው። በሜይ 2024 ጆንሰን ራሱ ሊመርጥ ሄዶ ስሙ የተጻፈበት የመጽሔት ፖስታ ለማሳየት ሞከረ። ምርጫ ጣቢያው አይሆንም ብሎ መለሰው። ቤቱ ሄዶ መታወቂያውን ይዞ መጣ። መልካም ገና።