የአምባሰል ሁለተኛዋ ድምፅ፦ ሰባት ወር ከላይቭ ኮዲንግ ጋር

ትናንት ማታ አጎቴ ከኮምፒውተሬ የሚወጣውን ዜማ አቀርቅረው ሲያዳምጡ ቆዩና «አሁን አምባሰል ሆነ» አሉኝ። ይህን ቃል ለመስማት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ላይቭ ኮዲንግን ለምትሞክሩት ብዬ ነው የምጽፈው።

ላይቭ ኮዲንግ ድምፁ ሳይቋረጥ ኮዱን እየጻፉና እየቀየሩ ሙዚቃ መሥራት ነው። እኔ የምጠቀመው ስትሩደልን ነው፤ አሌክስ ማክሊን የጀመረው ታይዳልሳይክልስ የተባለው የላይቭ ኮዲንግ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ተጽፎ በብራውዘር እንዲሠራ የተደረገበት ነው። የሚጫን ነገር የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሌሎችን ኮድ እየገለበጥኩ የከበሮውን ድምፅ ብቻ ስለዋውጥ አሳለፍኩ። ባዶ ገጽ ስከፍት ግን አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ መገልበጥን ለማንም አልመክርም።

ምቱ ብዙ አላስቸገረኝም። ስትሩደል የሚቆጥረው በዙር ነው፤ ካልቀየራችሁት አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ይፈጃል፣ የጻፋችሁትንም ሁሉ በዚያ ውስጥ እኩል ያከፋፍለዋል። ለጭብጨባው 2፣ ለከበሮው 3 ምት ሰጥቼ በአንድ ዙር ስደርባቸው ትከሻ የሚያነቃንቀው ምት ወዲያው መጣ። ትምህርቶቹ ሁሉ በአራት ምት ይጀምራሉ፤ ለእኛ ጆሮ ሁለቱም ሦስቱም በሚገቡበት በስድስት መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

መከራዬ ቅኝቱ ነበር። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናቸው። ቅኝቶቹ ስማቸውን ባገኙበት አገር ተቀምጬ ዜማውን ማበላሸት ከነከነኝ። በስትሩደል እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ፣ አንድ ቁጥር ነው፤ አምባሰልን 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ብዬ ጻፍኩት። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። አጎቴ ግን መሰንቆ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ይህ የፒያኖ ነው፤ መሰንቆ እንዲህ አይናገርም» አሉኝ።

ጥፋቱን ከድምፁ ዓይነት ፈለግሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማስተጋቢያ ስጨምር፣ ስቀንስ፣ ማጣሪያ ስቀያይር ከረምኩ፤ ከንቱ ድካም ነበር። በመጨረሻ ያንኑ ሐረግ ቀስ አድርገው እንዲመቱልኝ ለምኜ በስልኬ ቀዳሁት፤ ደጋግሜም ከራሴው ጋር አስተያየሁት። ያኔ ነው ሁለተኛዋ ድምፅ የተገለጠችልኝ። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር እንጂ ቦታ የሚወስን እርከን የለውም፤ ጣታቸው 61 ላይ አያርፍም፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ስትሩደል ደግሞ ነጥብ ያለው ቁጥር ይቀበላል። 60.7 ብዬ ጻፍኩ። ሲወርድ ልብ ይነካል፤ ሲወጣ ግን ዜማው ሰነፈ። እንደገና የቀዳሁትን አዳመጥኩ። ወደ ላይ ሲሄዱ ጣታቸውን ከፍ ያደርጉታል! ለመውጫው 60.9፣ ለመውረጃው 60.7 አደረግሁ፤ ትናንት የሰሙትም ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ የአጎቴ ጣት ናቸውና እናንተ የራሳችሁን መሰንቆ ወይም ክራር ቅዱ። ከመጻፋችሁ በፊትም ዜማውን በአፋችሁ አዚሙት፤ እኔ ይህን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ ሁለቱን ሳምንታት አተርፍ ነበር።

ሰው ፊት ግን ገና አልደፈርኩም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጓደኞቼ ባሉበት አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀረሁ፤ የቀድሞው ዜማ ሳይቆም ቀጠለ፣ እኔ ግን ስህተቱን እስካገኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተቱንም አልቻልኩበትም። አጎቴ ለቅዳሜ ባቲን ሊመቱልኝ ቃል ገብተዋል፤ ስልኬን ሞልቼ እጠብቃቸዋለሁ።